ሰዓትሽ ወደኋላ ቀርቷል

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ማታ 1፡00

አለቀ። ጭኜ ጨረስኩ። ሩዙ አርሯል፤ ይረር።

ዛሬ ጉራዬን ቻይኝ ደብተሬ። የልጄን የሕሊናን አሮጌ ላፕቶፕ ሆዱን አጥቤ፣ ቫይረሱን ከነኮተቱ ጠርጌ አውጥቼ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ማንም አልረዳኝም። ሕሊና ለሥራ ሐዋሳ ስትሄድ የተወችልኝን ፍላሽ ሰካሁ፣ የሚጠይቀኝን እያነበብኩ መለስኩ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። በስመ አብ ብዬ አዎ አልኩት። ጠፋ። ቆየና ንጹሕ ሆኖ መጣ። ቁጭ ብዬ እንደ አራስ ልጅ አየሁት።

ተሾመም መጥቶ አየ። ባሌ የማመስገን ልማድ የለበትም። ፊደሉ ለምን እንዲህ ተለቀ አለ። እውነቱን ነው፤ ፊደሉ የመንገድ ዳር ታፔላ ያህላል። ዘፈን ልክፈት ብል ድምፅ የለም። ካሜራው ጨለማ። የዋይፋይ ምልክት ጭራሽ ድራሹ ጠፍቷል። ሕሊና ጋ ደወልኩ። ሳቀች። እማዬ ዊንዶውሱን ነው እንጂ ድራይቨሮቹን መቼ ጫንሽ አለችኝ። ለካ ድምፁም፣ ካሜራውም፣ ዋይፋዩም እያንዳንዳቸው ከዊንዶውሱ ጋር የሚያግባባቸው የራሳቸው ትንሽ ፕሮግራም አላቸው። እሱ ከሌለ ዕቃው አለ፣ ግን የለም።

ለተሾመ ድራይቨር የለውም አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህን መንገር አልነበረብኝም። ሹፌር ከጠፋ እኔ አለሁ፣ አበልም አልጠይቅ አለ። እራት እስኪቀርብ ይህንኑ ሲያመላልሰው ቆየ። በራሱ ቀልድ ትን ብሎት ውኃ ሰጠሁት።

ለሱ ቀልድ ነው። እኔ ግን ዓርብ ጠዋት 4፡00 ፈተና አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ነግሬሻለሁ፤ የስብሰባና የቃለ መጠይቅ ቅጂ እየሰማ በአማርኛ የሚተይብ ሰው የሚፈልግ ድርጅት አለ። ሥራው ከቤት ነው። ፈተናው በቪዲዮ ነው፤ እያዩኝ እየሰማሁ እተይባለሁ። የራሷ ኮምፒውተር፣ ካሜራና ድምፅ ያላት ይላል መልእክቱ። የተውሶ አይሆንም። ከምሠራበት መዝገብ ቤት የምወጣበት ሌላ በር ደግሞ አይታየኝም።

ደግሞ ሰዓቱን ካስተካከልኩ በኋላ የሙከራ ገጽ ተይቤ አስቀመጥኩ። ጣቶቼ አልረሱም። ከታች ጥግ ላይ ያለው ሰዓት የሆነ የሌላ አገር ሰዓት ነበር፤ ቀኑም የዛሬ አልመሰለኝም። እሱንም አልማርኩትም። በራስህ አስተካክል የሚለውን አጥፍቼ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው በእጄ አስገባሁ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም እያልኩ የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። ይኸው ላፕቶፑም ሰው ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ 1፡30

ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት። አቧራ፣ ፋይል፣ የሺ።

የሺን በደንብ አላስተዋወቅኩሽም መሰለኝ። የሺእመቤት። እንደኔው ጸሐፊ ነበረች፤ የሷ ትየባ እንደ ዝናብ ነበር የሚወርደው። መ/ቤቱ አዲስ ሲስተም ያስገባ ጊዜ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ወደኋላ የቀሩ ሠራተኞች በሚመጥናቸው ቦታ ይመደባሉ አለ። ስም አልጠራም። በማግስቱ እኔና የሺ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነበርን። ስልጠና ስጡንና እንሞክረው አላልንም። ዝም ብለን ወረድን። ያን ዝምታ ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ማታ ሥራ። ሕሊና በስልክ፣ ተሾመ መነጽሩን አድርጎ አጠገቤ። በልጄ ምሪት የላፕቶፑን ዕቃዎች ዝርዝር ከፈትኩ። ያልታወቀ ዕቃ፣ ያልታወቀ ዕቃ፣ ያልታወቀ ዕቃ ይላል፣ በእያንዳንዱ ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ ተቀምጦበት። ዕድሜዬን በሙሉ በጻፍኩት የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ይህን ያህል ቃለ አጋኖ አልተጠቀምኩም።

ድራይቨሩ የሚወርደው ከፋብሪካው ዌብሳይት ነው አለች ሕሊና፤ ግን ትክክለኛውን ሞዴል ማወቅ አለብሽ። እኔ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም አነበብኩላት። እሱማ የሁሉም ስም ነው አለች። ይኼኔ ተሾመ ላፕቶፑን ቀምቶኝ ገለበጠው። መለዋወጫ የሚገዛ ሰው የሻንሲ ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው፣ እንዲሁ ፍሬን ሸራ ስጡኝ ካልሽ የሌላ መኪና ያሸክሙሻል አለ። ከሥሩ የተፋቀ ወረቀት ተለጥፎበታል። በባትሪ እያበራ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበልን። ጎሽ፤ የሚገባውን ልስጠው። ሹፌርነቱን ዛሬ ቆጠርኩለት።

ዋይፋይ ስለሌለ ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁ። የስልኬ ኢንተርኔት በገመዱ ይገባል አለችኝ ሕሊና። ገባ። የፋብሪካውን ዌብሳይት ጻፍኩ።

አልከፍትም አለኝ። ምክንያቱን ደግሞ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈልኝ። ሰዓትሽ ወደኋላ ቀርቷል።

የማን ሰዓት? የግድግዳውን አየሁ። የተሾመን የእጅ ሰዓት አየሁ። ሬዲዮ ከፍተን ሰዓት እስኪነገር ጠበቅን። የላፕቶፑ ከሁሉም ጋር አንድ ነው፤ ደቂቃም አልዛነፈ። ሌላ ዌብሳይት ሞከርኩ። ያንኑ አለኝ። ሕሊና ሰዓቱ ልክ ነው ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀች፤ ልክ ነው አልኳት፣ ልክ ነዋ። እሷም ግራ ገባት። የራሱ ድራይቨር ጠፍቶበት በኔ ሰዓት ያመካኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሻል ይኼ ነው።

ግን ቃሉ። ወደኋላ የቀረ። ከስንት ቃል ይህችን መርጦ። ክዳኑን ጠርቅሜ ዘጋሁት። ተሾመ ቀስ በይ አለኝ። ቀስ አልልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል። ማታ 2፡00

ከፍቶኛል። አጭር ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሚካኤልን ተሳልሜ ሥራ ገባሁ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። የሺ አየችውና፣ ተይው እቴ ጽጌ አለችኝ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው፤ ለባለሙያ ስጪው። ደግሞስ በዚህ ዕድሜያችን ምን ያንከራትተናል፣ ጊዜያችን እኮ አልፏል። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣት ነበር። ዛሬ በእሺታ ራሴን ስነቀንቅ አገኘሁት። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ከሥራ በኋላ ከሲግናል ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ በባቡር አያት። ግፊያው ላፕቶፑን እንዳይሰብርብኝ እንደ ሕፃን አቅፌው ቆምኩ። አንዲት ልጅ ነፍሰ ጡር መስያት ነው መሰለኝ ወንበር ልትለቅልኝ ተነሳች። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። አመስግኜ ተቀመጥኩ፤ ምን አገባኝ።

አያት ያለው ጠጋኝ ትሑት ሰው ነው፣ አልወቅሰውም። ፊት ለፊቱ የላፕቶፕ ክምር። ማዘር፣ ይተዉትና ሰኞ ይምጡ፣ ይሄ ለእርስዎ ይከብዳል አለኝ። የሚፈለገው ለዓርብ ነው ስለው እሱም አዘነ፤ ከፊቴ የመጡትን እንዴት ልዝለል አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ይከብዳል ያለው ላይ ቀረሁ። ማዘር የሚለው ላይም። ፌስታሌን መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ወደ ቤት የሚወስደኝ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው። ቀና ብዬ እንጦጦን አየሁት። ጫፉ ላይ ጥቂት ፀሐይ ቀርታለች፤ ከታች ብርዱ ጀምሯል። እዚያ ቆሜ ስልኬ ላይ መልእክት ጻፍኩ። ስላመመኝ ለዓርቡ ፈተና እንደማልደርስ ከታላቅ ይቅርታ ጋር እገልጻለሁ። ጥሩ መልእክት ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ቦታውን ይዟል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለስንቱ ጽፌያለሁ።

አልላክሁትም። አላጠፋሁትምም። ተሾመ ምን ሆነሻል አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ወሽመጤ እንደተቆረጠ እሱ መች ጠፋው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከቀትር በኋላ 9፡00

ቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሼን ልሰብስብ።

ዛሬ ፈቃድ ወሰድኩ። ተሾመ ማለዳ ወጥቶ ለጥቅምት አንድ አጥንት ብሎ ቅልጥም ይዞ መጣ። ድስቱን ጥጄ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ሌሊቱን ሲከነክነኝ አድሯል። ያው አንድ ኢንተርኔት ነው፤ ስልኬ ይከፍትበታል፣ ላፕቶፑ አይከፍትበትም። እንግዲያው ዌብሳይቱ ጤነኛ ነው። እንግዲያው ስልኬ ራሱ ለምን አያወርድልኝም?

ወረደ። የዋይፋዩ ድራይቨር በስልኬ ወረደ። በገመዱ ወደ ላፕቶፑ አሻገርኩት፣ ተጫንኩት። ተሾመን ና እይ አልኩት። መጣ፣ ቆመ፣ አየ።

እምቢ አለ። ፋይሉ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማኅተም ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር አልተስማማም አለኝ። አሁንም ሰዓት። ተሾመ ቀስ ብሎ ወደ ድስቱ ተመለሰ። ብልህ ሰው ነው።

ደሜ ፈላ። ግን አልዘጋሁትም። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? መዝገብ ቤት ፋይል ሲጠፋ የማደርገውን። በቀን ቅደም ተከተል አስቀመጥኳቸው፣ አዲሱን ከላይ። የስልኬ ፋይል ከላይ መጣ። ሰኞ የተየብኩት የሙከራ ገጼ ከታች። ቀናቸውን አነበብኩ። ዛሬ ጠዋት የወረደው ፋይል 2025 ይላል። ሰኞ ማታ የጻፍኩት 2018 ይላል። በሰኞና በሐሙስ መካከል ሰባት ዓመት።

አፍጥጬ ቀረሁ። 2018። ማን ነው 2018 ያለው? እኔ ነኝ ያልኩት። በእጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኦክቶበርን ጥቅምት ነው ብዬ፣ ቀኑን አሥር ብዬ፣ ዓመቱን የኛን ዓ.ም. ሰጥቼው። ለፈረንጅ ዕቃ። ሰዓቱንም የኛን። የግድግዳው ሰዓት የኛ ነው፣ የተሾመ የእጅ ሰዓት የኛ ነው፣ ሬዲዮውም የሚናገረው የኛን ነው፤ ሁላችንም ተስማምተን ደቂቃ ስንቆጥር፣ ዓመቱን ማንም አላየው። ዌብሳይቱም ድራይቨሩም ማኅተማቸው የተመታው ከ2018 በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለላፕቶፑ ገና አልተወለዱም። ያልተወለደ ሰው ፈርሟል ቢሉሽ አንቺስ ትቀበያለሽ?

ሳቅ ያዘኝ። እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ። ተሾመ ማንኪያ እንደያዘ ሮጦ መጣ፤ ያለቀስኩ መስሎታል። ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እሱም ጀመረ።

ደብተሬ፣ ይህን ለማንም አትንገሪ። እኔ እኮ እ.ኤ.አ. የሚል ያልተጻፈበት ደብዳቤ አይወጣም የምል ሴት ነኝ። ለውጭ ድርጅት በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ሁለቱንም ቀን ጽፌ፣ መስመር አስምሬ፣ ኃላፊ የፈረመበትን ሳይቀር አቆጣጠሩ አልተገለጸም ብዬ የመለስኩ። እና ራሴ እዚህ ቁጭ ብዬ።

ከሳቁ በኋላ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያቃጠለኝ ቃል ምን ሆነ? ወደኋላ አልቀረሁም። ሰዓቴም ልክ ነበር፣ ቀኔም ልክ ነበር። በራሴ አቆጣጠር ነው የቆጠርኩት፤ ማሽኑ በምን እንደሚቆጥር አልጠየቅኩም፣ ማንም አልነገረኝም። ሲገባኝ አስተካከልኩት። ዓመቱን ለወጥኩ፣ ጠ/4፡00 የነበረውን 10 አደረግኩት። ይኼው ነው። ያን ጊዜ ምድር ቤት ሲያወርዱን አንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ቢሰጠን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ሥራዬ።

ዋይፋይ፦ ገባ፣ ቢጫው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስልኬም አላስፈለገኝ። የስክሪኑ፦ ገጹ ብልጭ ድርግም አለና ፊደሉ ልኩን ያዘ፤ ታፔላው ወረደ። የድምፁ ሲያልቅ ላፕቶፑ ራሱ ድምፅ አወጣ። ቲን አለ። አቤት አልኩት፣ እውነቴን ነው። የካሜራው ትንሽ አስቸገረኝ፤ ጭኜውም ጨለማ ነው። አጥፍቼ አስነሳሁት። ከፈትኩ።

ፊቴ መጣ። ጋቢ ለብሼ፣ ፀጉሬ ተንጨባሮ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ። አፈርኩ ብልሽ እዋሻለሁ። ኮራሁ። ከኋላዬ ተሾመ በካሜራው ውስጥ ራሱን አይቶ ኮሌታውን አስተካከለ።

በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቃለ አጋኖ የለም። ድራይቨሮቹን በሙሉ በሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። ሕሊና ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ስታየኝ አፏን ያዘች። ዓመቱን ነገርኳት። እማዬ እኔ እኮ ሰዓቱ ልክ ነው ወይ ነው ያልኩሽ፣ ዓመቱ ትዝም አላለኝ አለች። ልጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምን ያስለቅስሻል ብላት፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ነግሬ ልመጣ ነው ብላ ዘጋች።

የትናንቱን መልእክት አጠፋሁት። ቅልጥሙ ጣፍጧል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀትር በኋላ 7፡00

ፈተናው አለቀ።

ሐምራዊ ሸሚዜን ለበስኩ። ተሾመን መኝታ ቤት አስገብቼ ዘጋሁበት፣ አታስል አልኩት። ልክ በሰዓቱ ስክሪኑ ላይ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ፈታኟ ናት። ወ/ሮ ጽጌ ይሰማዎታል አለችኝ። ይሰማኛል አልኩ። ይህችን ቃል ለማለት የከፈልኩትን ብታውቂ ኖሮ ልላት ነበር። አላልኳትም።

የሰጡኝ ቅጂ የእድር ስብሰባ ነው። አቤት ጫጫታ። ሁሉም አንድ ላይ ይናገራል፣ አንዱ ወንበር ይጎትታል፣ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ይቀየር ድንኳኑ ይቀየር ይላል፣ ሊቀ መንበሩ ሥነ ሥርዓት ይላል። ሌላው ምን ይሰማዋል አላውቅም፤ ለኔ የሰፈሬ ሰው ነው። ማን እንደጀመረ፣ ማን እንዳቋረጠ፣ ማን ሳይጨርስ እንደተቀመጠ። ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚተነፍስ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚያርፍ። ጣቶቼ ሄዱ። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ወደ ቁልፎቹ ሳላይ። መኝታ ቤት ሳል ተሰማ። ይሳል አልኩ።

ስጨርስ ፈታኟ ስታነብ ቆየች። ሽማግሌው የተናገሩትን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፣ እርስዎ እንዴት ሰሙት አለች። ሥራዬ መስማት ነው አልኳት። ከዚያ የመጨረሻ ጥያቄዋን ጠየቀች። ሥራው ከቤት ስለሆነ ኮምፒውተርዎ ቢበላሽ የሚጠግንልዎ ሰው አለ ወይ?

እኔ አልኳት።

ለማረጋገጥ ይሁን ለሌላ፣ የመጨረሻ ጊዜ የተበላሸው መቼ ነበር አለች። በዚህ ሳምንት አልኳት። ሳቀች። ሰኞ እንነግርዎታለን አለች።

ተሾመን ከፈትኩለት። ሁሉንም ሰምቷል። ነጠላ ጫማዬን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ምንም ያልቀረን ባልና ሚስት ነን፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ማታ 1፡00

ተቀበሉኝ። በቀጥታ ልንገርሽ ብዬ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ እጀምራለሁ።

ስልኩ የመጣው በምሳ ሰዓት ነው፣ መዝገብ ቤት ሳለሁ። ፈታኟ ራሷ ናት። አንድ ነገር ጨመረችልኝ። እንደ እርስዎ የሚሰሙ ሌሎች ጸሐፊዎች ካሉ ይንገሩን፣ ሰው ያስፈልገናል አለች። ቀና ስል የሺ ከፋይሉ መደርደሪያ ሥር ቆማ ታየኛለች። አንዲት አለች አልኳት። ትንሽ ቀን ስጡኝ።

ለየሺ ነገርኳት። መጀመሪያ ስለኔ በቀስታ እልል አለች፣ ላይ ፎቅ እንዳይሰማ። አቀፈችኝ፣ አለቀሰች። ስለሷ ስነግራት ግን እጇን አወናጨፈች። አንቺማ ድሮም ጎበዝ ነሽ፣ እኔን ተዪኝ፣ ይኼ ለኔ አልተፈጠረም አለች። ላሳያት ብዬ ላፕቶፑን ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ንኪው አልኳት። አንድ ጣቷን ዘርግታ ጠርዙን ነካች፣ ቶሎ ሰበሰበቻት። የጋለ ድስት እንደነካች። ይህቺ ሴት እንደ ዝናብ ትተይብ የነበረች ናት።

እዚያው ተቆጣሁ። በሷ ግን አይደለም። እነዚያ ሰዎች ወደኋላ የቀሩ ብለው ሲያወርዱን ቃሉን ተቀብላ ይዛ ወርዳለች፤ እኔም ይዤው ወርጄ ነበር፣ ሐሙስ ዕለት ነው የጣልኩት። ጣልኩት ብላት አትሰማኝም። አሳይቻት አደረግኩት ብላትም አንቺማ ጎበዝ ነሽ ነው የምትለኝ። ምን ላድርጋት?

ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ወሰንኩ። ለተሾመ ነገርኩት። ጡረታሽስ አለኝ ደግሞ፤ የሠራሁበት የትም አይሄድም አልኩት፣ እሱን አልፈን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን። ዋናውን ሲሰማ ፈዞ አየኝ። የሚሄድ መኪና ሞተር ይወርዳል ወይ አለ። አንቺ ሴትዮ ስንት አልቅሰሽበት። አልገባውም። ይገባዋል፣ ጊዜ ልስጠው።

ነገ በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን ከዊንዶውሱ ፍላሽ ጋር መዝገብ ቤት ይዤ እገባለሁ። ሁሉም ነገር ይጠፋል እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል፣ አዎ የሚለውን የምትጫነው የሺ ናት። ድምፁ ይጥፋ፣ ካሜራው ይጨልም፣ ቃለ አጋኖው ሁሉ ተደርድሮ ይምጣባት። ድራይቨሮቹን የገለበጥኩበት ፍላሽ ቤት ይቀራል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ራሷ ትፈልግ። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከጠየቀችኝ እመልሳለሁ። እጄን ግን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ነው የምቀመጠው፤ ብታለቅስም አልነካላትም።